ከአሥራ ሁለት ዜሮ

ያሰሩኝ ኮምቦልቻ፣ ድሮ እህል ይከማችበት በነበረ መጋዘን ነው። በሩ ሲከፈት የታየኝ እግር ብቻ ነበር፤ ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጦ መርገጫ የለም። ከደጋን የመጡ አንድ ገበሬ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ጉልበታቸውን ሰብስበው "ና፣ እዚህ ጋ ግባ" አሉኝ።

ጥፋቴ ደብተር ነው። ልጅ ሆኜ ኩባ ተምሬ መጥቼ ደሴ ላይ ስፓኒሽ አስተምራለሁ። አንዷ ተማሪዬ የሐርቡ ነርስ ናት፤ ለትምህርት ስፔን ልትሄድ ቪዛዋን ትጠብቅ ነበር። የሚመሳሰሉባትን ቃላት ጥንድ ጥንድ አድርጋ ጽፋ እንዳርምላት ሰጠችኝ። ኦምብሬ ሰው ነው፣ አምብሬ ረሃብ። ካሳዶ ያገባ ነው፣ ካንሳዶ የደከመ። እንዲህ እያለ አሥራ ሁለት ጥንድ። ፍተሻ ላይ ደብተሩ ከቦርሳዬ ወጣ። ደግነቱ ስሟ አልነበረበትም።

መርማሪው ልጄ የሚሆን ሰው ነው።

"በአንድ ፊደል የሚለያዩት ለምንድን ነው? ኮድ ካልሆነ?"

"ቋንቋው እንዲያ ነው።"

"የማን ጽሕፈት ነው?"

ስሟን አልሰጠሁትም።

በሦስተኛው ቀን የኔ ቃል ነው የተባለ ወረቀት አመጣ፤ ማህተም አርፎበታል። አሥራ ሁለቱን ጥንድ ደርድሮ ትርጉሙን ከራሱ ሞልቶታል። ሰውና ረሃብን ጥይትና ቦምብ ብሏቸዋል። ከታች "የደብተሩ ባለቤት ተባባሪዬ ነው" ይላል። ከፈረምኩ የቀራቸው የተማሪዎቼን ጽሕፈት ማስተያየት ብቻ ነው። ልጅቷ አለቀላት ማለት ነው።

"ፈርም።"

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ሠላሳ ዓመት ፈተና ያረመ እጅ መቼ ዝም ይላል? ከላይ ጀምሬ እያንዳንዱ መልስ ላይ ኤክስ አደረግሁ። ራስጌው ላይ ከአሥራ ሁለት ዜሮ ጻፍኩ፤ ከሥሩ "እንደገና ያጥና" ብዬ አሳምሬ ፈረምኩ።

መርማሪው ቀኝ እጄን ወለሉ ላይ አስዘርግቶ በጫማው ረገጠው። ወረቀቱ ግን ተበላሽቶበታል።

ሽማግሌው ከሽርጣቸው ጫፍ ቀደው ጣቶቼን ጠቀለሉልኝ። የሆነውን ነገርኳቸው።

"ወላሂ፣ ዜሮ ሰጠኸው?"

"ዜሮ፣ አባባ።"

"ግማሽ እንኳ?"

"ግማሽም የለውም።"

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ከወር በኋላ ተፈታሁ፤ ነርሷም ስፔን ሄዳለች። የመሃል ጣቴ ግን ዛሬም አይታጠፍም፣ ጠመኔ ስይዝ ቀጥ ብሎ ይቀራል። የነፍስ አባቴ "ይቅር በለው" ይሉኛል። እሺ እላቸዋለሁ፤ ሆዴ ግን እሺ አይልም። ቂም ይዣለሁ፣ ምን ይደበቃል።

በቀደም ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ያ መርማሪ ፊቴ ቆመ። የደንብ ልብስ አልለበሰም።

"ጋሼ፣ ደህና ነዎት?" ብሎ እጁን ዘረጋ።

ባለሽንኩርቷ "ትተዋወቃላችሁ እንዴ?" አለች።

"ተማሪዬ ነበር" አልኳት፣ ሰው እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "ከአሥራ ሁለት ዜሮ ያገኘ።"

በዙሪያው ያለው ሰው ሳቀ። እሱ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። እኔ ሽንኩርቴን አንድ በአንድ እያገላበጥኩ፣ ሳልቸኩል መረጥኩ።

ለአንድ ጣት እንኳ የማትበቃ ብድር ናት፣ አውቃለሁ። ቤቴ እስክገባ ግን ደስ እያለኝ ሄድኩ። ይህን ለነፍስ አባቴ ገና አልተናዘዝኩም።