ሃያ ደቂቃ በባሮ ዳር

ከደብረ ብርሃን በወጣሁበት ዋዜማ ቤታችን ልቅሶ ቤት መስሎ ነበር። ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ እየገባ እናቴን "እግዜር ያጽናሽ" ይላታል፤ እኔ በቁሜ ጓዳ ውስጥ ከሻንጣ ቁልፍ ጋር እታገላለሁ። ነርስ ሆኜ ተመርቄ የምድብ እጣ ስናወጣ ለጓደኛዬ ናዝሬት ሲደርሳት ለኔ ጋምቤላ ደረሰኝ። ጋምቤላ ክልል መባሏን ገና በሬዲዮ የሰማንበት ጊዜ ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ማስፈራቱን ግን የሚናገር የለም። አክስቴ እናቴ አጠገብ ተቀምጣ፣ "ወባው አለ፣ እባቡ አለ፣ አዞው አለ" እያለች በጣቷ ስትቆጥር እናቴ መረራትና "ሌላስ? ጨርሺው!" አለቻት። አክስቴ ትንሽ አሰበችና "ሙቀቱ" አለች።

ሳቄም እንባዬም እኩል መጡብኝ። እናቴ ግን ያን ሁሉ ሰምታ ሻንጣዬ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ጨመረች። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ብርድ የሌለበት አገር አለ ብሎ ማመን ይከብዳልና አልፈረድኩባትም።

እስከ መቱ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ጋቢና ሄድኩ። ከጎሬ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ሲወርድ መጀመሪያ ነጠላዬን አነሳሁ፣ ቆይቼ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ከዚያ የሚወልቅ ነገር አጣሁ። ባሮን ሳይ ግን መማረሬን ተውኩ። እኛ አገር ወንዝ የምንለው በበጋ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልን የምንሻገረውን ነው። ይሄ ሰፊ፣ ዝምተኛ፣ የቸኮለ የማይመስል፣ ግን ግንድ ይዞ የሚሄድ ውሃ ነው። ዳሩ ላይ ማንጎ ተደርድሮ፣ ሴቶች ልብስ እያጠቡ፣ ልጆች እየዋኙ፣ እኔ ብርድ ልብሴን አቅፌ አፌን ከፍቼ ቆምኩ። ደብረ ብርሃን "መለሎ ናት" እየተባልኩ ያደግሁት ሴት እዚህ በቁመት የሰው ትከሻ ላይ ቀረሁ።

ደብዳቤዬን ይዤ ጤና ቢሮ ብሄድ ኃላፊው አገላብጠው አዩትና መለሱልኝ።

"ይሄ የተጻፈው ለድሮው መሥሪያ ቤት ነው።"

"እሱ የት ነው?"

"ፈርሷል።"

"ታዲያ እርስዎ?"

"እኔ የአዲሱ ነኝ። ወንበሩ የድሮው ነው።"

"እንግዲያው አዲሱ ይቀበለኛ!"

"ይቀበልሽ ነበር፤ ማኅተሙ ገና አልደረሰም። ክልሉ ተወልዷል፣ ስም ወጥቶለታል፣ ክርስትና ነው የቀረው።"

አራት ቀን አመላልሰውኝ በአምስተኛው በእጃቸው ጽፈው፣ ያለ ማኅተም፣ ከከተማው ወጣ ብላ ባሮ ዳር ወደነበረች ትንሽ ሆስፒታል ላኩኝ። ሆስፒታሏ ዛሬ በቦታዋ የለችም። የምነግራችሁ ጥፋት ደግሞ የኔ እንጂ የሷ አይደለም።

ቤት ያከራዩኝ አቶ ኦባንግ ይባላሉ፤ አኙዋ ናቸው፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ በወንዙ ዳር በቆሎ የሚዘሩ።

"አቶ ኦባንግ፣ ክፍሉ መስኮት የለውም እኮ።"

"መስኮት ሙቀት ያስገባል።"

"እባብስ? በሩ ሥር ክፍተት አለ።"

"እባብ ጨዋ ነው ሲስተር። በበር ይገባል፣ በበር ይወጣል። በመስኮት የሚገባ ሌባ ነው።"

ተከራየሁ፣ ምን አማራጭ አለኝ። ባለቤታቸው የበቆሎ ገንፎ ከባሮ ዓሣ ጋር ታቀርብልኛለች። ገንፎ ያለ ቅቤና በርበሬ፣ ያውም በዓሣ! በመጀመሪያው ሳምንት ለጨዋነት ዋጥኩት፤ በሁለተኛው ወር ሳህን ይዤ ቀድሜ የምቀመጠው እኔ ሆንኩ።

ሆስፒታሏን የያዙት ዶክተር ፍቃዱ፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናቸው። ጥይት የመታው፣ ጦር የወጋው፣ ከማንጎ ዛፍ የወደቀ ሁሉ እሳቸው ጋ ይመጣል። ጄኔሬተሩ ሲጠፋ የእጅ ባትሪ አስይዘውኝ የሰው ሆድ ከፍተው ሲሰፉ አይቻለሁ። ከቁስለኛው ሁሉ የሚያስጨንቃቸው ግን እባብ የነከሰው ነበር። እግሩ አብጦ፣ ቆዳው ተወጥሮ ሲመጣ የቀድሞዎቹ ሐኪሞች እብጠቱን በቢላ ይቀድዱት ነበር። አንዳንዱ ይድናል፣ አንዳንዱ ደሙ አልቆም ብሎ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል።

"እባቡ ነው ወይስ ቢላዬ ነው የገደለው?" አሉኝ አንድ ቀን። "ይሄን ሳላውቅ አልቀድድም።"

ለዚህ ብለው ወፍራም መዝገብ ከፈቱ። የተነከሰ ሁሉ ይጻፋል፤ መቼ፣ የት፣ በገመድ ታስሮ ነበር ወይ፣ ምን ተደረገለት፣ ምን ሆነ። ዋናው ደግሞ የደም ምርመራው ነው። ማሽን የለ፣ ማይክሮስኮፕ የለ። ደሙን ባዶ የፔኒሲሊን ብልቃጥ ውስጥ ታደርጋላችሁ፣ ሃያ ደቂቃ ሳትነኩ ታስቀምጣላችሁ፣ ከዚያ ታዘነብላላችሁ። እንደ እርጎ ረግቶ ከቆመ መርዙ ደሙን አላበላሸውም። ከፈሰሰ አበላሽቶታል፤ ሰውየው ቢላ እንዳይነካው፣ የእባብ መርዝ መድኃኒቱ ይሰጠው። መድኃኒቱ ውድ ነው፣ ጥቂት ነው፣ በላምባ ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጥ። መጀመሪያ የረጋውን ደም ሳዘነብል አምላኬን አመሰገንኩ። አንድ ሰው መሞት አለመሞቱን ብልቃጥ ዘንበል አድርጎ ማወቅ፣ እስካሁንም ይገርመኛል።

ብልቃጦቹን የምታጥበው አጁሉ ነበረች፤ የጽዳት ሠራተኛ ትባላለች እንጂ ቁስል ማሰሩንም ደም መቅዳቱንም ታውቃለች። አማርኛን የለመደችው ከወታደሮች ስለነበር ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የምትለው። ብልቃጡን በፈላ ውሃ አለቅልቃ ፀሐይ ላይ ትደፋዋለች፣ በቃ። ይሄን ሳይ ደሜ ፈላ። ዶክተር "ንጹሕ ብልቃጥ" ብለዋል፤ ይሄ ንጹሕ ነው? ዶክተር መድኃኒት ሊያመጡ አዲስ አበባ እንደሄዱ ሥራውን ከአጁሉ ነጠቅሁና በዱቄት ሳሙና አሽቼ፣ አሽቼ፣ አብለጭልጬ ደረደርኩት። አጁሉ ቆማ አየችኝ።

"ሲስተር፣ ሳሙና ለልብስ ነው።"

"ለልብስ የሚገባውን ለሰው ደም እንነፍገው?" ብዬ ሳቅሁባት። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ደሙ ፈሰሰ። መዝገቡ ላይ "አልረጋም" እያልኩ ጻፍኩ፣ መድኃኒቱንም ሰጠሁ። ሰዎቹ ዳኑ፤ እኔም እግዜር እጄን ባረከልኝ ብዬ ለእናቴ ጻፍኩላት። ፍሪጁ ውስጥ ለአንድ ሰው የሚበቃ ብቻ ሲቀር፣ ዓመቱ የከፋ የእባብ ዓመት ነው አልኩ እንጂ ሌላ አልጠረጠርኩም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አቶ ኦባንግን ጎረቤቶቻቸው በትከሻ ተሸክመዋቸው መጡ። በቆሎ ውስጥ እባብ ቁርጭምጭሚታቸውን ነክሷቸዋል። ደማቸውን ቀድቼ ገና ሳስቀምጥ የጭነት መኪና በር ላይ ቆመ፤ ከአልዌሮ ግድብ በኩል፣ ከሩዝ እርሻው፣ እባብ የነከሰው አሊ የሚባል የወሎ ሰፋሪ ይዞ። ሚስቱ ከድጃ እጄን ይዛ፣ "የኔ እናት፣ ያገሬ ልጅ፣ ባንቺ ነው የመጣሁ" አለችኝ። ሁለት ሰው፣ ሁለት ብልቃጥ። ሃያ ደቂቃ ቆጠርኩ። ሁለቱም ፈሰሱ።

የአንድ ሰው መድኃኒት ነው ያለኝ። ከድጃ መሬት ላይ ወድቃ "ያረቢ" ትላለች። አቶ ኦባንግ አልጋው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው በአኙዋ ይጸልያሉ። ወገንተኛ እንዳልባል ያገሬን ሰው መምረጥ ፈራሁ፤ ደግሞም እኒህ ሰው እዚህ አባቴ ናቸው፣ ቀድመውም መጥተዋል። እያለቀስኩ መድኃኒቱን በጥብጬ ወደ አቶ ኦባንግ ዞርኩ። አጁሉ የእጄን አንጓ ያዘችኝ።

"ሲስተር፣ ተው። ጠርሙሱ ውሸታም ነው።"

"ልቀቂኝ! አጎትሽ እኮ ናቸው!" የአባቷ ወንድም ናቸው፤ ይሄን መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

"አውቃለሁ። ድሮ አንዱ ይቆማል፣ አንዱ ይፈሳል። ከሳሙና በኋላ ሁሉም ይፈሳል። አንተ አላየህም?"

መልሴን አልጠበቀችም። ክንዷን በጎማ አሰረች፣ የራሷን ደም ቀዳች፣ ካብለጨለጭኳቸው ብልቃጦች በአንዱ ውስጥ አደረገችው። ቁጭ ብለን ጠበቅን። ያን ሃያ ደቂቃ እስክሞት አልረሳውም። ስታዘነብለው እንደ ውሃ ወረደ።

"እኔን እባብ ነከሰኝ?" አለችኝ።

ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ እኔ ዲፕሎማዬን ይዤ አላየሁም፣ እሷ መጥረጊያዋን ይዛ አየች። እሷ በውሃ ብቻ ያጠበቻቸውን ብልቃጦች ጣያቸው ብላትም በካርቶን አስቀምጣቸው ኖሯል። የሁለቱንም ሰዎች ደም እንደገና ቀዳን፣ እንደገና ሃያ ደቂቃ። የአቶ ኦባንግ ረግቶ ቆመ። የአሊ ፈሰሰ።

መርፌው ለአሊ ሆነ። አስቡት እስቲ፤ አጁሉ ዝም ብትል መድኃኒቱ ለአጎቷ ነበር፣ ማንም አይወቅሳት፣ እኔ እንኳ አመሰግናት ነበር። እሷ ግን ከካርቶኑ ብልቃጦች እውነቱን ስታወጣ መድኃኒቱ ለማን እንደሚሆን አታውቅም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ደጋ ላይም ቆላ ላይም አላየሁም።

አቶ ኦባንግን ከሰዓት በኋላም፣ ሲመሽም መረመርናቸው፤ ደማቸው እየረጋ፣ እብጠቱ እየቀለለ ሄደ። አሊም በማግስቱ ደሙ ረጋ። አቶ ኦባንግ ቀና ብለው ሲቀመጡ፣ "ሲስተር፣ መርፌውን ወደኔ ይዘህ ስትመጣ አይቻለሁ። ስትመለስም አይቻለሁ" አሉኝ፤ እሳቸውም እንደ አጁሉ ሴቱን "አንተ" ነው የሚሉት። ቀጥለው "መስኮት እሠራልሃለሁ" አሉ። ይቅርታ ነው ወይስ ወቀሳ፣ ያኔ አልገባኝም።

በዚያው ሳምንት የዝውውር ደብዳቤዬ ደረሰ። አጎቴ ስንት ደጅ ጠንቶ ያስገኘው፣ ደብረ ብርሃን፣ ቤቴ! ዶክተር ገና አልተመለሱም። በመጀመሪያው መኪና ብወጣ መዝገቡ እንዳማረበት ይቀራል፤ አጁሉ እንደሆነች ለማንም አትናገርም። አልዋሻችሁም፣ ሻንጣዬን አወረድኩ፣ ሹራቤን አጠፍኩ። ከዚያ መዝገቡን ልሰናበት ከፍቼ የጻፍኩትን አየሁ። አልረጋም፣ አልረጋም፣ አልረጋም። ዶክተር ይሄን አዲስ አበባ ላሉ ሐኪሞች ያነቡላቸዋል፣ እነሱም አምነው እግር ይቀድዳሉ ወይም አይቀድዱም። ከነዚያ ሰዎች የትኛው መድኃኒቱ ያስፈልገው እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

ዶክተር ሲመለሱ መኪናው አጠገብ ቆሜ ነገርኳቸው። ገና አቧራቸውን አላራገፉም። ብልቃጡን ተቀብለው ወደ ብርሃን አንስተው አዩት።

"ደም የሚረጋው የብርጭቆውን ገላ ሲነካ ነው" አሉ። "ሳሙናው አልብሶታል። ንጹሕ አልኩሽ እንጂ እንዴት እንደሚታጠብ አላሳየሁሽም፤ የኔም ጥፋት አለበት።"

"ገጹን ልቅደደው?"

"አይቀደድም! አስምሪበትና ምን እንደሆነ በራስሽ እጅ ጻፊ። የአጁሉንም ስም ጻፊ።" አዲስ ገጽ ገለጡና "እንግዲህ ከአንድ እንጀምራለን። መቶ ሰው እስኪሞላ" አሉ። "ዝውውር ደርሶሻል አሉ?"

"አልሄድም" አልኩ። አፌ ነው ያለው፤ ሆዴ ደብረ ብርሃን ነበር።

ለእናቴ ለመናገር አንድ ወር ፈጀብኝ። ስልክ መደወያው አዳራሽ ግማሽ ቀን ተሰልፌ፣ እሷም ጎረቤት ሱቅ ተጠርታ መጣች።

"ደብዳቤው አልደረሰሽም እንዴ ልጄ?"

"ደርሶኛል እማዬ። ሥራ ጀምሬ ነው። ሳልጨርስ አልመጣም።"

"መቼ ነው የሚያልቀው?"

"መቶ ሰው ሲሞላ።"

"የምን መቶ ሰው?"

"እባብ የነከሰው።"

"ስንት ደረሳችሁ?" አለች።

"ሰባት።"

ስታለቅስ ሰማኋት። ከዚያ እንደ ልማዷ ልትመርቀኝ ድምፅዋን አጠራችና፣ "በይ እንግዲህ፣ መድኃኔ ዓለም መቶውን ቶሎ ሞልቶ..." ብላ ጀመረች፤ ምን እየለመነች እንደሆነ ሲገባት ቀጥ አለች።

እኔ ግን አሜን ብዬ ነበር።