እግረኛ የጠፋበት ጦር

ሙናዊር ዱባይ ተራ ውስጥ ከሱቄ ፊት ለፊት የሞባይል ቻርጀርና ማዳመጫ ይሸጣል። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ የውጭ ሰዎች በሠሩት የጦርነት ጌም ውስጥ የአያቶቻችንን አገር ጣሊያን ከመግባቱ በፊት እንደነበረው አድርጎ ያስገባል። ይህ እርሱን ከሚያህል ሰው የሚጠበቅ ሥራ መሆኑን እስከ ዛሬ ያስረዳኝ የለም።

ይባስ ብሎ፣ ጌሙ እውነቱን ካልጠበቀ ዋጋ የለውም በማለት ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ይጠይቅ ጀመር። «አያትዎ ሲዘምቱ በፈረስ ነበር በእግር?» ይላል። የሰውን ዘር የሚመረምር ሰው ለማን እንደሚያቀብል አይታወቅምና እኔ አልመለስኩለትም። ሌሎቹ ግን አፋቸውን ከፈቱ። ጨርቅ ነጋዴው ካሳ አያቱ ሦስት ፈረስ ያፈራርቁ እንደነበር ተናገረ። ካሳ ራሱ አህያ ሲያይ መንገድ የሚቀይር ሰው ነው። ከእርሱ በኋላ የተጠየቀው ሁሉ ፈረስ ላይ ወጣ።

«ጋሼ፣ ጉድ ፈላ» አለኝ ሙናዊር አንድ ቀን። «ጦሬ ውስጥ እግረኛ የለም። ስንቅ የሚሸከምም የለም። ጌሙን ስከፍተው ፈረሰኛው በሙሉ በረሃብ ያልቃል።»

«ታዲያ ፈጥረህ አታስገባም?»

«ከሰው አፍ ያልሰማሁትንማ አላስገባም።»

ሙናዊር የሚሠራበት ሱቅ ባለቤት አባቱ፣ የጫማ አከፋፋዩ ሐጂ ኸይረዲን ናቸው። አባታቸው ነጭ ፈረስ እንደነበራቸው በየሰርጉ ሲናገሩ ያልሰማ የለም። ሙናዊር ግን ከአክስቱ ከሱሀይር ዘንድ ሄዶ፣ አያቱ የዘማች ስንቅ ተሸካሚ እንጂ ፈረሰኛ እንዳልነበሩ ሰማ። ስማቸውን ጽፎ፣ ጆንያ አሸክሞ አስገባቸው።

ወሬውን ለሐጂ ያደረሰው ካሳ ነው።

«አባቴን ኩሊ አድርጎ ለፈረንጅ ካሳየ ሱቄን ለቅቆ ይውጣ» አሉ ሐጂ፤ ወዲያውም መጡ። ካሳ ድግስ እንደተጠራ ሰው ተከትሏቸው ገባ። እኔም ነገሩ እንዳይካረር በሚል ሰበብ ገባሁ።

«የትኛው ነው አባቴ?»

«ይኸው አባ። ጆንያ የተሸከሙት።»

ሐጂ ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። ትንሹ ሰውዬ ዳገቱን ይወጣል። ያ ሁሉ ፈረሰኛ ምግቡ እስኪደርስለት ከላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሐጂ ጣታቸውን የሰውዬው ትከሻ ላይ አሳረፉ።

«በቀኝ ትከሻቸው ማን አሸከማቸው?»

«ምን አሉኝ አባ?»

«ቀኙ ተሰብሮ ነበር። እኔ ሳውቃቸው የሚሸከሙት በግራ ነው። አስተካክለው።»

«ፈረሱስ ሐጂ?» አለ ካሳ።

«አንተ ሦስት አለህ አይደል? አንዱን አበድራቸው።»

ካሳ ደንበኛ እንደመጣበት ተናግሮ ወጣ። በጨርቅ ሱቁ ደጃፍ ግን ማንም አልነበረም። ሙናዊር ጆንያውን ወደ ግራ አዛወረ። ሐጂም ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ስልካቸው እየጮኸ፣ የጅምላ ደንበኛ እየጠበቃቸው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ያንን ከንቱ ነገር ማየት ቀጠሉ።