እንግዳው የተዋሰው ሲም ካርድ

በስሟ የሚጠራት የለም። በእንግዳ ማረፊያው ውስጥ ከጓዳ ሰገነት፣ ከሰገነት ጓዳ ስትል ስለምትውል «ሽር ጉድ» ብለው አወጡላት፤ እሷም አቤት ማለት ከጀመረች ቆየች። አንሶላ ታጥባለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፣ የባሕሩ ጨው ያዛገውን የመስኮት ማጠፊያ ዘይት ትቀባለች፣ እንግዳ ሲያኮርፍ ደግሞ ታባብላለች። ለማባበሉ የሚከፍላት የለም፤ ከሁሉም የሚያደክማት ግን እሱ ነው።

ወደ ደሴቲቱ የመጣችው የዓሣ አጥማጅ ሚስት ሆና ነው። ባሏ አንድ ቀን እንደ ወጣ ቀረ፤ ጀልባዋ ብቻ ተገልብጣ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ልጇን ያሳደገችው በሰው አንሶላ ነው። ልጅቷ ስታድግ ማዶ ወዳለው ከተማ ተሻግራ ተማረች፣ እዚያው አገባች። እናቲቱ ግን ቀረች። ለምን እንደ ቀረች ሲጠይቋት፣ «ማን ያጥበው ታዲያ?» ብላ ትስቃለች።

እዚህ እንግዳ የሚያኮርፈው ባብዛኛው በአንድ ነገር ነው። ማዕበሉ አንገላቶት፣ አናቱን ፀሐይ በልቶት፣ ሻንጣውን ገና ሳያወርድ «ዋይፋይ?» ይላል። ዋይፋይ የለም። ከማዶ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ስስ ኔትወርክ ግን አለ፤ እሱም ሰገነቱ ላይ፣ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ፣ ያውም ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ለተቀመጠ ሰው ነው። ሲም ካርድ እዚህ አይሸጥም። ስለዚህ የማረፊያው ባለቤት መላ ዘይዳ ነበር፦ «የእንግዳ ካርድ» የሚባል አንድ ሲም ካርድ ገዛች፤ የመጣው ሁሉ በየተራ ስልኩ ውስጥ ከቶት ይሰነብትና ሲሄድ ይመልሳል። ያ ካርድ በአንዱ እንግዳ ቁምጣ ኪስ ውስጥ እንዳለ ባሕር ገብቶ ሲበላሽ፣ ተራው የሠራተኞቹ ሆነ። አትክልተኛው የራሱን አዋሰ፤ ምግብ አብሳይዋም አዋሰች። እስካሁን የተረፈችው ሽር ጉድ ብቻ ናት።

የተረፈችውም በምክንያት ነው። ልጇ የመጀመሪያዋን አርግዛ ቀኗን እየጠበቀች ነበር። የልጅቷ ባል የጭነት መኪና ረዳት ስለሆነ ቤቱ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ ሆስፒታል የምታደርሳትም፣ እጇን የምትይዛትም እናቷ ናት። በስልክ መነጋገር ደግሞ አይታሰብም። ይጠራል፤ ሲያነሱት ግን ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «ሃሎ! ሃሎ!» ተባብሎ መለያየት ነው። የደሴቲቱ ሰው ሁሉ የሚግባባው በሚስኮል ነው፤ ሲደወል አለማንሳቱ አንድ ነገር ነው፣ መዝጋቱ ሌላ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የየራሱ ስምምነት አለው።

«ምጡ ሲጀምርሽ ትደውይልኛለሽ፣» ብላታለች እናት ባለፈው ሄዳ ሳለ። «እኔ አላነሳውም፤ እዘጋዋለሁ። ዘጋሁት ማለት ሰምቼሻለሁ፣ ወደ ጀልባ ወጥቻለሁ ማለት ነው።»

«ካልዘጋሽውስ፣ እማዬ?»

«ከስልኩ አጠገብ የለሁማ! ያኔ እኔን ሳትጠብቂ ጎረቤት ጠርተሽ ሂጂ።»

«አንቺ ደግሞ ስልክሽ መቼ ከጉያሽ ተለይቶ ያውቃል!» ብላ ልጅቷ ስቃባታለች።

እውነቷን ነበር። ሽር ጉድ አንሶላ ስታጥብ እንኳ ስልኳን በላስቲክ ጠቅልላ ጡቷ ሥር ትወሽቀዋለች። ጀልባ እንደሆነ በየጠዋቱ አለ፤ ባይኖርም ዓሣ አጥማጆቹ እምቢ አይሏትም። ነገሩ ሁሉ የተበጀ ነበር።

ከዚያ አንድ እንግዳ መጣ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ገበታ ላይ የበላበትን ሳህን ራሱ የሚያነሳ ጨዋ ሰው ነው። ሥራውን የሚሠራው በኢንተርኔት ስለሆነ፣ ኢንተርኔት እንደሌለ ሲያውቅ ሻንጣውን መልሶ ይሸክፍ ጀመር። የአትክልተኛው ካርድ በዚያ ሰሞን ተዘግቶበታል፤ አብሳይዋ ዘመድ ጥየቃ ማዶ ሄዳለች። ባለቤቲቱ ልብስ ማስጫው ድረስ መጣች።

«ሽር ጉድዬ፣ በሞቴ ያንቺን ስጪውና ሰውዬው ይረጋጋ።»

«እትዬ፣ ልጄ እኮ ደርሳለች።»

«ወሯ ገና ነው ብለሽኝ የለ? የሚቆየው ጥቂት ቀን ነው። እሱም ከሄደ ክፍሉ ባዶውን መክረሙ ነው። ያኔ አንቺን ለምን አስቀምጥሻለሁ፣ ባሕሩን ልታነጥፊልኝ?»

ሳቀች። ሽር ጉድም ሳቀች፤ ግን ከቀልድ መሀል የትኛው ቀልድ እንዳልሆነ ለይታ ታውቃለች። ካርዱን አወጣች። እንግዳው ፊት ቆማም ባለቤቲቱን ለመነቻት።

«እባክዎ ይንገሩልኝ፤ የልጄን ቁጥር ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። በዚህ ቁጥር ከተደወለ እንዳይነካው፤ ሮጦ ይጥራኝ። ምጥ ይዟት ነው ይበሉልኝ።»

ባለቤቲቱ በሰውዬው ቋንቋ ተናገረች፤ በጣም አጭር ነበር። ከዚያ ሁሉ ልመና ለእሱ የደረሰው፣ ካርዱ የዚህች ድሃ ሴት ነው፣ ሒሳቧን እንዳትጨርስባት፣ የምትል ብቻ ናት። ስለ ወረቀቱ ሲጠይቃትም የካርዱ ቁጥር ነው ብላ አለፈችው። ምጥ የሚባል ነገር ከሰማ አልወስድም ይላል ብላ ፈርታለች። አልተሳሳተችም፤ ሰውዬው ደግ ነበርና አይወስድም ነበር። እሱ ግን የተነገረውን ይዞ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገናት።

ሰገነቱ እንደ እነዚያ ቀናት ተጠርጎ አያውቅም። ሽር ጉድ መጥረጊያዋን ይዛ ትወጣለች፤ ወደ ስልኩ ትጠቁማለች፤ እንግዳው አውራ ጣቱን ቀስሮ ፈገግ ይልላታል። «እሰይ፣ አልደወለችም» ብላ ትወርዳለች። እሱ ኢንተርኔቱ ጥሩ ነው ማለቱ ነበር።

በሚሄድበት ጠዋት ካርዱን መለሰላት፤ ከሚያምር ሳሙና ጋር። ለባለቤቲቱም አንድ ነገር ነገራት። የሴትዮዋ ፊት ልውጥ አለ።

«ምን አለ፣ እትዬ?»

«ምንም... ትናንት አንድ ቁጥር እየደጋገመ ይደውል ነበር ነው የሚለው። ሲደወል ኢንተርኔቱ ይቋረጥበታል፤ ደግሞም ያንቺን ሒሳብ እንዳይበላ ብሎ...»

«ብሎ ምን?»

«እየዘጋ መለሰው።»

እንግዳው ምስጋና የሚጠብቅ መስሎ ስልኩን አሳያት። የልጇ ቁጥር ነበር፤ ከላይ እስከ ታች እሱ ብቻ። ጠዋት ተደውሎ ተዘግቷል፤ ረፋድ ላይ ተደውሎ ተዘግቷል፤ ከሰዓት በኋላም እንዲሁ።  ሽር ጉድ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወደ ጀልባው ሮጠች።

እንግዳውም በዚያው ጀልባ ነበር የሚሄደው። አጠገቧ ተቀመጠ። ፊቷን አይቶ ባሕሩ ያዞራት መሰለውና ፌስታል ሰጣት፤ ቀጥሎ ብስኩት አቀበላት። ተቀበለችው፤ እጇ ውስጥ ደቀቀ። ልትጠላው ሞከረች፤ አልሆነላትም፤ ብትጠላው እንኳ ባሳረፋት ነበር። ካርዱን ስልኳ ውስጥ ከታ ደወለች። አንድ የሴት ድምፅ፣ የልጇ ያልሆነ፣ «የት ደረስሽ?... ከትናንት...» አለና ተቆረጠ። ሁለተኛ አልያዘላትም። ወደቡ ላይ ሰውዬው እስኪርቅ ድረስ እጁን እያውለበለበ ሄደ።

የልጇ ግቢ ውስጥ ወንበር ወጥቷል። የሚያለቅስ ሰው ሳታይ፣ ወንበሮቹን ብቻ አይታ በሩ ላይ ቀረች። የልጇ ጎረቤት ሮጣ መጥታ ያዘቻት።

«ምነው እቴ! ምነው እስካሁን! ማዕበል ነው የያዘሽ?»

ሽር ጉድ በዓይኗ ልጇን ፈለገች።

«እንውሰድሽ ብንላት አሻፈረኝ አለች እኮ። 'እናቴ ጀልባ ላይ ናት፤ ዘግታልኛለች፤ ከእሷ ጋር ነው የምሄደው' ትላለች። ሰዓቱ ሲገፋብን ሥጋት ገባን፤ እሷ ግን ደግማ ትደውልና ሲዘጋላት ፊቷ ይፈካል። 'ይኸው፣ ዘጋችው፣ እየቀረበች ነው' እያለች ታሳየናለች። ደሙ ሲበረታ በግድ ተሸክመን አወጣናት፤ ምን ዋጋ አለው... መንገድ ላይ አለፈች። ሕፃኑም አልተረፈልንም።»

 ሽር ጉድ የተቀመጠችው መሬት ላይ ነው፤ ማን እንዳስቀመጣት አታውቅም። የልጇ ባል ንጋት ላይ ነበር የደረሰው፤ እጁ ላይ የመኪና ግራሶ እንዳለ ነው። መጥቶ ፊቷ ቁጢጥ አለ። የሚጮህባት መስሏት ነበር፤ እሱ ግን በቀስታ ጠየቃት።

«እማማ፣ ጀልባ ላይ ሳይወጡ ለምን ዘጉባት?»

«እኔ አልዘጋሁም ልጄ። ካርዱ እኔ ጋ አልነበረም።»

«ታዲያ ማን ጋ ነበር?»

«እንግዳ ጋ።»

«ምን ያደርግለታል?»

ለቀስተኛው ሁሉ መልሷን ይጠብቃል። ሽር ጉድ ሌላ የሚሻል መልስ ፈለገች፤ ለሰው ሲነገር የሚከብድ፣ የልጇን ሞት የሚያህል ምክንያት ፈለገች። አጣች።

«ኢንተርኔት ፈልጎ» አለች።