አስታራቂዋ ፈቃድ ስትወጣ

በሆስፒታላችን «አስታራቂዋ» ካልተባለ ማንም አያውቃትም። ከልብስ ማጠቢያው ጎን ባለችው፣ ግድግዳዋ ዘወትር በሚሞቅ ቢሮ ከእኔ ጋር ትቀመጣለች። የዶክተሮቹ፣ የላቦራቶሪውና የመድኃኒት ቤቱ ፕሮግራሞች ከየኩባንያው የተገዙ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አይሰማም። እሷ መሀል ገብታ፣ ዶክተሩ ያዘዘው መድኃኒት ቤት እንዲደርስ የሚያደርጉትን መስመሮች ሠራች። ባልና ሚስትም እንዲህ አይታረቁም።

ችግሩ፣ መስመሮቹ የሚሠሩበት ማገናኛ ፕሮግራም አርጅቷል፤ ሲበላሽም ከእሷ በቀር መላውን የሚያውቅ የለም። መበላሸቱን ደግሞ አያቆምም። ትልቁ ልጇ የተመረቀ ዕለት ስሙ ሲጠራ እሷ ከአዳራሹ ውጭ ከመድኃኒት ቤታችን ፋርማሲስት ጋር በስልክ ትጨቃጨቅ ነበር። ዘንድሮ ተራው የሴት ልጇ ነው።

«የዚችኛዋም ካመለጠኝ እናት ነኝ አልልም» አለችኝ።

ደግነቱ አዲሱ ማገናኛ መጣ። መስመሮቹ ስክሪን ላይ በሥዕል ይታያሉ። ያልደረሰ መልእክት ካለ ራሱ ደግሞ ይልካል፤ ካቃተውም የት ጋ እንደተሰናከለ በግልጽ ይናገራል። እንደ እኔ ያለ ሰነፍ እንኳ ይገባዋል። ሠሪዎቹ ስለ ሽግግሩ የሰጡት ምክርም አጭር ነው፦ መስመሮቹን አንድ በአንድ አዛውሩ፤ አሮጌውን ቶሎ አታጥፉ፤ እያዛወራችሁ ምንም አታሻሽሉ። አለቃችን «በአንድ ቅዳሜ ጠቅልለን እንገላገል» ቢል፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ጌታዬ» ብላ አስቀመጠችው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምክሮች አጥብቃ ያዘች። ሦስተኛው ላይ ግን እጇ አላርፍ አለ። አሮጌው ማገናኛ እያንዳንዱን የመድኃኒት ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ይልክ ነበር፤ ለዓመታት ያሳፈራት ጉድለት ነው። በአዲሱ ላይ አንዴ ብቻ እንዲልክ አደረገችና በሌለ ታካሚ ስም ሞከረችው። መድኃኒት ቤት አልደረሰም። በሌላ ስም ሞከረች፤ እሱም የውሃ ሽታ ሆነ።

ምረቃው በዚያው ሳምንት ነበርና ፊቷ አመድ መሰለ። ፋርማሲስቱን ጠርተን ጠየቅነው።

«የመጀመሪያውንማ ፕሮግራማችን ይጥለዋል» አለ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። «ሁለት ሁለት እየመጣ ሲያስቸግረን፣ ሁለተኛውን ብቻ እንዲቀበል አስደረግነው። አልነገርናችሁም እንዴ?»

«አልነገራችሁንም» አለች።

ከዚያ ጠረጴዛውን ይዛ እስክትንፈራፈር ሳቀች። እኛም ተከተልናት።

«ዕድሜ ልኬን ስህተት ሳርም ኖሬ፣ ዛሬ ስህተት ልትከል?» አለችና፣ ያንኑ አሮጌ ጉድለት እንደ ውድ ዕቃ ተጠንቅቃ በአዲሱ ላይ መለሰችው። ትእዛዙ ወዲያው ደረሰ። እሱን ማሻሻል ሌላ ጊዜ ይሁን ተባለ። ሥዕሉን እንዴት እንደማነብ አሳየችኝና፣ አሥሬ ወደ ኋላዋ እየዞረች ፈቃድ ወጣች።

የምረቃው ዕለት ጠዋት መስመሩ ቆመ። ሥዕሉን ስከፍት መድኃኒት ቤቱ ጋ ቀይ ምልክት በርቷል፤ የይለፍ ቃሉ ጊዜው አልፎበታል ይላል። ቀየርኩት። ተራ ይጠብቁ የነበሩት ትእዛዞች ራሳቸው ተከታትለው ገቡ። ለእሷ ጉራዬን ልነዛ ስልኩን አንስቼ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥኩት።

ከሰዓት በኋላ ራሷ ደወለች። ከኋላዋ ጭብጨባ ይሰማል።

«ምነው ዝም አላችሁ? ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ እኮ የሰው ስልክ ተውሼ ወደ ራሴ ደወልኩ።»

«ደህና ነን፣ እትዬ። የልጅቷ ስም ሲጠራ የት ነበርሽ?»

«ፊት ወንበር ላይ» አለች። «እንደ ሕፃን አለቀስኩልህ።»

እኔም ዓይኔን ጠረግሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው።

«በል ስማ፣ ሰኞ አልመጣም። ማክሰኞንም እንጃ» አለችና ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስልክ ቀድማ ስትዘጋ ያየኋት ያን ዕለት ብቻ ነው።