ካልሲ ፍለጋ በአንድ ደቂቃ

የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኞች «አረፋ» ይሏታል። ዕድሜዋ ሃምሳ ሦስት ነው፤ ሃያ ስድስቱን ዓመት ያሳለፈችው ምድር ቤት ውስጥ፣ በቁመት በሚበልጧት ስድስት ማሽኖች መካከል ነው። ቪዲዮ መሥራት በሐሳቧ ውልብ ብሎ አያውቅም። በከተማው ቤተ መጻሕፍት ፎቅ ላይ ለሚሰጠው የአጭር ቪዲዮ ሥልጠና የተመዘገበችው ልጇ ነበረች። ልጅቷ በዋዜማው ሥራ አገኘችና ቀረች። አረፋ ደግሞ ብክነት አይሆንላትም፤ «ወንበሩ ባዶ ከሚውል እኔ ልሂድበት» ብላ ቅዳሜ ጠዋት ከተፍ አለች።

አሠልጣኙ ቴሌቪዥን ጣቢያ የሠራ፣ ነገር ማስረዘም የማይወድ ቀጭን ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን የቤት ሥራ ሰጠ፦ የሥራ ቦታችሁን ያለ ንግግር፣ በአንድ ደቂቃ አሳዩኝ። በሳምንቱ አረፋ ስልኳን አቀበለችው።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ አርባ ሰባት ደቂቃ ነው።»

«አዎ፤ አንሶላ ታጥቦ እስኪወጣ ይህን ያህል ይፈጃል።»

«እኔ ያልኩት አንድ ደቂቃ ነበር።»

«ታዲያ ሳይለቀለቅ ላውጣው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አሠልጣኙ ከንፈሩን ነክሶ ሊችለው ሞከረ፤ አልሆነለትም። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ቪዲዮ መቁረጥ አስተማራት። አንሶላው ሲገባ ታሳዪያለሽ፣ ሲወጣ ታሳዪያለሽ፣ መሃሉን ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል።

«መጭመቅ ነዋ» አለች አረፋ። «ውሃው ይሄዳል፣ ጨርቁ ይቀራል።»

አሠልጣኙ ይህንኑ ሰሌዳው ላይ ጻፈው። እሷ ደስታው አላስቀምጥ ብሏት በየት በኩል ቤቷ እንደደረሰች እንኳ አታውቅም።

ከዚያ ወዲያ ዓይኗ ሌላ ሆነ። ከትንሿ መስኮት የሚገባው ብርሃን እንፋሎቱ ላይ ሲያርፍ ሥራዋን ትታ ትገተራለች።

«ምን ነካሽ ዛሬ?» ይላታል ልብስ ተኳሹ፣ የረጅም ጊዜ ባልደረባዋ።

«ዝም ብለህ ተኩስ፤ ግንባርህ ላይ ጥሩ ብርሃን አለ።»

አንድ ማክሰኞ ከነጫጭ አንሶላዎች መካከል አንዲት ቀይ የወንድ ካልሲ ወጣች። አረፋ ለሥልጠናው የመጨረሻ ሥራ የምትፈልገው ታሪክ እጇ ገባ። የካልሲዋን ባለቤት በየፎቁ እየፈለገች ልትቀርጽ የነርሶች ኃላፊዋን ሄዳ አስፈቀደች። ኃላፊዋም የማንም ፊት እንዳይታይ፣ ከጉልበት በታች ብቻ እንድትቀርጽ ነገረቻት። ተኳሹ ካልሲዋን እንደ ሐር ተጠንቅቆ ተኮሳትና በሁለት ጣቱ ይዞ ከፊት ቀደመ፤ አረፋ ጎንበስ ብላ ስልኳን መሬት ለመሬት እያስኬደች ተከተለች። ከፎቅ ፎቅ ወጡ። እግሮች ቆሙ፣ ሱሪዎች ከፍ አሉ፣ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ባለ መስመር ካልሲ ታየ። አንዱ ዘበኛ የተቀደደውን እንዳያሳይ እግሩን ነቅሎ ሮጠ።

በመጨረሻ ኮሪደር ላይ ዋናውን ቀዶ ሐኪም አገኟቸው። ሲስቁ ያየ ሰው የለም፤ ሲመጡ ሰው ግድግዳ ይታከካል። ሁለቱም ክው ብለው ቀሩ። ሐኪሙ ካልሲዋን አዩና የቀኝ ሱሪያቸውን ከፍ አደረጉ፤ ቀይ። ከዚያ የግራውን፤ ባዶ ቁርጭምጭሚት። ጠዋት ለቀዶ ሕክምና ልብስ ሲቀይሩ ጠፍታባቸው ነበር።

ቪዲዮው ከሥልጠናው ሥራዎች ሁሉ ተመረጠና አሠልጣኙ የሠራበት ቴሌቪዥን ጣቢያ ላሳየው አለ። ግን አረፋ የቀረጸችው ስልኳን በቁመቱ ይዛ ነበር፤ ቴሌቪዥን ደግሞ በአግድም የተቀረጸ ይፈልጋል። እንደገና መቀረጽ ሊኖርበት ነው። አረፋ የሐኪሙን ቢሮ አንኳኳች።

«ጌታዬ፣ ካልሲዎ እንደገና ቢጠፋ ብዬ ነበር።»

ሐኪሙ የቀጠሮ ደብተራቸውን ገለጡ። «ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ አንድ እግሬ ባዶ መሆን ይችላል» አሉ፣ ፊታቸው ሳይፈታ።

ቪዲዮው በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ማጠቢያ ክፍሉ በሙሉ ተነቅሎ ወጥቶ በሽተኞች በሚጠባበቁበት አዳራሽ ቴሌቪዥኑ ሥር ተኮለኮለ። ዘበኛው ሲሮጥ አዳራሹ ተንጫጫ፤ ክንዱ በጄሶ የታሰረ አንድ ሰው በአንድ እጁ ጭኑን እየመታ አጨበጨበ። መጨረሻው ላይ የአረፋ ስም በትልቁ ወጣ።

«የእኔስ ስም?» አለ ተኳሹ።

«ሁለት ጣትህ ወጥቷል እኮ።»

«ጣቴን ማን ያውቀዋል?»

አረፋ ልትመልስለት ፈለገች፤ ግን ሳቁ አሸነፋት፣ ልትቀመጥ ስትልም ወንበሩን ስታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።