የሽንት ቤቱ ሁለተኛ ቁልፍ

ሰባት ዓመቴ ላይ ትኩሳቱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሳብኝ እናቴ «ብርድ ነው» ማለቷን ትታ ሆስፒታል ወሰደችኝ። በቀጭን ቱቦ ፊኛዬን በፈሳሽ ሞልተው ራጅ አነሱኝ። ሐኪሟ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አሳየችን። ፊኛዬ ውስጥ ከገባው ሽንት ከፊሉ ወደ ኩላሊቴ ይመለስ ነበር፤ ከተወለድኩ ጀምሮ።

«ውሃ ትጠጣለች?» አለች ሐኪሟ።

እናቴ አቀረቀረች። ፍራሽ ስለማረጥብ ከአሥር ሰዓት በኋላ ውሃ አታስቀምሰኝም ነበር።

«ከእንግዲህ አይከልክሏት። በየሦስት ሰዓቱ ትሽና። ስትጨርስ ትንሽ ቆይታ እንደገና ትሞክር፤ ወደ ላይ የሸሸው ተመልሶ ይወርዳልና። መድኃኒቱንም እንዳታቋርጥ። ትኩሳቱን ያመጣው የሽንት ኢንፌክሽን ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ ከተገኘ ኦፕሬሽን ሊያስፈልጋት ይችላል።»

ኦፕሬሽን ፈራሁ። የታዘዝኩትን መፈጸም ግን እችልበት ነበር።

ችግሩ ሽንት ቤቱ ነው። ኮልፌ ባለው ግቢያችን አምስት ቤተሰብ በአንድ ሽንት ቤትና በአንድ ቁልፍ እንጠቀም ነበር። ቁልፉ የሚንጠለጠለው በግቢው ከሁላችንም በፊት የኖሩት አሮጊት ጎረቤታችን በር ላይ ነው። እኔ እገባለሁ፣ እሸናለሁ፣ እስከ መቶ እቆጥራለሁ፣ እደግማለሁ። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜም መቶዋን አልዘልም።

«ይቺ ልጅ ተከራየችው እንዴ?» አሉ ጎረቤታችን አንድ ቀን ጠዋት፣ ሰልፍ ላይ ቆመው።

«ተቅማጥ ይዟት ነው» አለች እናቴ ፈጥና። አፍራ ነው።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ?» አለ ከኋላቸው የቆመ ጎረምሳ። «እስካሁን አልቃ ነበር!»

ሰልፉ ሳቀ። በማግስቱ በሩ ሲንኳኳ ስድሳ ላይ ነበርኩ፤ ሳልደግም ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ ያቺ የቀረችው ሽንት ኩላሊቴ ውስጥ የተቀመጠች መሰለኝ። ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ በቀጥታ ወደ ጎረቤታችን ሄድኩ።

«እትዬ፣ ተቅማጥ አይደለም። ሽንቴ ወደ ኩላሊቴ ይመለሳል። ሁለት ጊዜ ካልሸናሁ ሆዴን ይቀድዱኛል።»

አንገታቸውን ወደ ቤታችን ጀርባ መለስ አደረጉ።

«እናትሽ ፍራሹን ከቤት ጀርባ የምታሰጣው ለዚህ ነው?»

«አዎ።»

«ወይ የኔ ሚጣ! የማይሸና ማን አለና ነው የሚታፈረው?»

ቅዳሜ ገበያ ወርደው ቁልፉን አስቀርጸው መጡና በፈለግሁ ሰዓት እንድገባ በክር አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ። ሰልፉንም ይቆጣጠሩ ጀመር፦ «አታንኳኩ! ሁለተኛዋን ትጨርስ!» ያ ጎረምሳ እንኳ ስወጣ «ደገምሽ?» ይለኝ ነበር። እናቴ ሳምንት ያህል ተሸማቀቀች። ከዚያ ፍራሹን ፀሐይ ወዳለበት ወደ ፊት ለፊት አመጣችው።

በሦስተኛው ወር ሽንቴ ሲመረመር ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ አሁን ኦፕሬሽን እንደማያስፈልገኝ፣ ሳድግ በራሱ ሊስተካከል እንደሚችል፣ ልማዱን ግን እንዳልተው ነገረችን።

ጎረቤታችን የግቢው በር ላይ ይጠብቁን ነበር።

«እህስ?»

«አይቀድዱኝም!»

«እልልልል! በይ እንግዲህ ቁልፌን አምጪ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ክሩን ጨበጥኩ። «እስካድግ ድረስ ልማዱን እንዳልተው ተብሏል፣ እትዬ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ በዓይናቸው ለኩኝ።

«ያዢው በቃ። እንደማይሽ ገና ብዙ ይቀርሻል።»