የቶክታር ዐሥራ አንድ ደቂቃ

ከቶክታር በፊት ሁለት ወንድሞቹ በሕፃንነታቸው ሞተዋል። ሦስተኛው ሲወለድ አባቱ ኡተገን «ቶክታር» አለው፤ ሞት እዚህ ላይ ይቁም ለማለት። እውነትም ቆመለት። ከእሱ በኋላ የተወለዱት ሦስት እህቶቹ ሁሉም አደጉ።

የተወለደው ከአራል ባሕር በስተምሥራቅ፣ ባቡር ሦስት ደቂቃ ብቻ ቆሞ በሚያልፍባት ትንሽ ጣቢያ ነው። ስልሳ አባወራ፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ሱቅ፤ ግመሉ ከሰው ይበዛል። አባቱ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱት በትምህርት ቤቱና በሐዲዱ መካከል ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ሲሆን ጠላታቸው ነፋሱ ነበር። ከደረቀው ባሕር ጨው አዝሎ የሚመጣው ነፋስ፣ ከጉልበት በላይ የተነሳ ኳስ ካገኘ ነጥቆ ይሄዳል። አንዴ የቶክታር አጎት ከከተማ የገዛለት አዲስ ኳስ፣ ገና ሳምንት ሳይሞላው በሚያልፍ የጭነት ባቡር ላይ ዐርፎ ወደ ሩሲያ ሄዶ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሜዳው አንድ ሕግ ጸና፤ ኳስ ያነሳ ከጨዋታ ይወጣል።

ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው ለትምህርት ቤቶች ውድድር ወደ ትልቁ ከተማ ሄደ። የከተማው ክለብ አሰልጣኝ ጌናዲ የሚባል ወፍራም ሰው ነበር። ጨዋታውን ዳር ቆሞ ሲያይ ቆየና ልጁን አስጠራው።

«አንተ፣ ለምንድን ነው ኳሱን የማታነሳው?»

«ይሄዳላ!»

«የት ነው የሚሄደው?»

«ሩሲያ።»

ጌናዲ ትንሽ አሰበ። «እኔም ከዚያው ነው የመጣሁት» አለና ሳቀ። ነገሩ በደንብ ባይገባውም ልጁን አስቀረው።

ቶክታር በዚያ ክለብ የመሀል አማካይ ሆኖ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ተጫወተ። በዚህ ሁሉ ዘመን ያገባው ጎል ዘጠኝ ነው፤ አንዱም የራሱ ቡድን ተከላካይ መትቶት የገባ ነው ይላሉ። የእሱ ሥራ ኳሱን ከኋላ ተቀብሎ፣ መሬት ለመሬት አሹልኮ፣ ለሚሮጠው ሰው እግሩ ሥር ማድረስ ነበር። በጋዜጣ የሚወጣው ፎቶ የአግቢው ነው። ሚስቱ ማርዣን፣ የባቡር ሠራተኞች ክሊኒክ ነርስ፣ ጋዜጣውን ቆርጣ በደብተር ትለጥፍና ለጎረቤት ታሳያለች።

«የታል ባልሽ?» ይሏታል።

«ይቺ ከዳር የምትታየው ክርን የኔው ሰው ናት» ትላቸዋለች።

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ለብሔራዊ ቡድን ተጠራ። ሦስት ጨዋታ በተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተመለሰ። አራተኛው ከአገር ውጭ፣ በሚዘንብ ዝናብ ነበር። ሦስት ለዜሮ እየተሸነፉ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ አሰልጣኙ ዞር ብሎ «ቶክታር፣ ግባ» አለው። ከባከነው ሰዓት ጋር ዐሥራ አንድ ደቂቃ ተጫወተ።

በጣቢያው ሰው ሁሉ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ቴሌቪዥን ከቦ ነበር። ቶክታር ሊገባ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነፋሱ የመብራት ምሰሶ ጣለ፤ ስክሪኑ ጠፋ። ሽማግሌው ዤክሰንባይ፣ የግመል ጌታውና የመንደሩ አፈኛ፣ መብራት ኃይልን እስከ ዘር ማንዘሩ ረገመ። በማግስቱ የባቡሩ ትኬት ቆራጭ ከበሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ «ልጃችሁ ገብቷል! በሬዲዮ ሰማሁ!» ብሎ ጮኸ፤ ባቡሩም ሄደ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ከአፍ አፍ እያደገ ሄደ፤ የሚያርመውም አልተገኘም።

ቶክታር ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመጣ በግ ታርዶ ድግስ ተደግሶ ጠበቀው። የግመል ወተቱ በየሳህኑ ተቀዳ። ዤክሰንባይ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እስቲ ከራስህ አፍ እንስማው። ሰባት ሰው አታለህ አልፈህ የግቡን ብረት መታህ አይደል?»

«ኧረ አባባ ዤክሰንባይ! ኳስ የነካሁት አራት ጊዜ ነው። አንዱን እንዲያውም ወደ ኋላ ነው ያቀበልኩት።»

«አያችሁ?» አለ ሽማግሌው ወደ ሰው ዞሮ። «ጨዋነቱን አያችሁ? ሰባት ሰው የጣለ ሌላ ቢሆን ከእኛ ጋር ቁጭ ብሎ አይበላም ነበር።»

«አልጣልኩም እኮ ነው የምልዎት! የጣሉኝ እነሱ ናቸው!»

«እንግዲህ ሲያልፋቸው በንዴት ጠልፈውታል ማለት ነው» አለች አንዲት አሮጊት፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ «እነዚህ አረመኔዎች!» አሉ።

ቶክታር ወደ አባቱ ዞረ። «አባዬ፣ ይንገሯቸው እንጂ።» ኡተገን ሻዩን እፍ ማለቱን ቀጠለ።

ጠዋት አባቱ መዶሻውን ይዞ ሐዲድ ሊያይ ሲወጣ ቶክታርም አብሮት ሄደ። ብዙ ከተጓዙ በኋላ ኡተገን ቆመ።

«በል አሁን ለእኔ ንገረኝ። ደቂቃ በደቂቃ።»

ነገረው። የመጀመሪያውን ኳስ በቀኝ አቀበለ። ሁለተኛውን ተነጠቀ፤ አገሩን ሁሉ ያዋረደ መሰለው። ሦስተኛውን ወደ ኋላ መለሰ። በአራተኛው ሁለት ግንድ የሚያካክሉ ሰዎች መጡበት፤ በመካከላቸው አሹልኮ ለክንፍ ተጫዋቹ አደረሰለት፤ ያ ልጅ ግን ወደ ሰማይ ለጋው።

«ያንተዋ መሬት ለመሬት ሄደች?»

«መሬት ለመሬት፣ አባዬ። በዚያ ዝናብ!»

ኡተገን ራሱን ነቀነቀ። በሐዲድ ሥራ ሠላሳ ዓመት፣ በደንብ የጠበቀ ብሎን ሲያገኝ የሚያደርገው እንደዚያ ነበር። ከዚያ መንገዱን ቀጠለ። «ሰባቱን ሰዎች ግን ተዋቸው» አለ ወደ ኋላ ሳይዞር። «ዤክሰንባይ እያወራቸው ክረምቱን ይሻገርባቸዋል።»

በዚያው ዓመት ከዋና ከተማው አንድ ባለጸጋ ክለብ ጠራው። ማርዣን ዕቃ መጠቅለል ጀምራ ነበር። ሊሄዱ ዘጠኝ ቀን ሲቀራቸው፣ ማንም ሳይነካው፣ በልምምድ ላይ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ስልኩ ዝም አለ። ቶክታር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሁለት ሳምንት ተኛ። በሦስተኛው ማርዣን ብርድ ልብሱን ገፈፈችው።

«እዚህ ቤት ነርስ አለች፣ በሽተኛ አለ። ሬሳ ግን የለም። ተነስ!»

በኮሪደሩ ከጫፍ ጫፍ እየቆጠረች አስኬደችው። ሲሳደብ ትስቃለች፤ ሲያለቅስ አብራው ትቀመጣለች። ወደ ሜዳ የተመለሰው ከዐሥራ አራት ወር በኋላ ነው፤ ፍጥነቱ ሄዷል፣ ዐይኑ ግን አልሄደም። ከዚያ ወዲያ አምበል ሆነ፤ ዋና ከተማውን ማንም ዳግመኛ አላነሳበትም።

ኡተገን የሞተው ልጁ ጫማ ሊሰቅል አንድ ዓመት ሲቀረው ነው፤ ከሥራ መጥቶ፣ ቦቲውን አውልቆ፣ ጋደም እንዳለ።

ቶክታር በሠላሳ አምስት ዓመቱ ኳስ ሲያቆም ዤክሰንባይ በቤቱ ደገሰለት። ሥጋው በትልቁ ትሪ ቀረበ። ሽማግሌው የበጉን ጭንቅላት በሳህን አድርጎ፣ አፍንጫውን ወደ ቶክታር አዙሮ፣ ፊቱ አኖረው። በአገሩ ልማድ አባቱ በሕይወት ያለ ሰው የበጉን ጭንቅላት አይቆርጥም። ቶክታር ዕድሜውን ሙሉ ሳህኑ ወደ እሱ ከመጣ ገፋ አድርጎ «አባቴ አለ» ይል ነበር። አሁንም እጁ ሊገፋው ተዘረጋ፤ ከዚያ ቆመ።

«አዎ፣ የኔ ልጅ» አለ ዤክሰንባይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ በሌለው ድምፅ። «አሁን ተራው ያንተ ነው። ቢላውን ያዝ።»

ቶክታር ቢላውን አነሳ። የበጉን ጆሮ ቆርጦ ለቤቱ ታናሽ ልጅ ሰጠ። ከጉንጩ ቀጭን ቆርጦ አፉ ውስጥ ጨመረና ሳያኝክ ብዙ ቆየ። ማርዣን ሻይ የምትቀዳ መስላ ፊቷን አዞረች። ሽማግሌውም ስለ ግመሎቹ ወሬ ጀመረ፤ ሰው የሚያየው ቶክታርን ሳይሆን እሱን እንዲሆን ድምፁን ከፍ አድርጎ።